ሐረጎን የሚያውቅ የመኪና ወዳጅ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ባለመኪናዎች

ከደሴ ፒያሳ ተነስቶ ኮምቦልቻ የሚገባ መኪና 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናቸው። በመካከል ያለው የሐረጎ መንገድ ሲወርዱት ፍሬንን፣ ሲወጡት ራዲያተርንና ሞተርን ይፈትሻል። በዚህ አካባቢ «መኪና እወዳለሁ» የሚል ሰው ፍቅሩን በላቫጆ ወረፋና መስታወት ላይ በሚለጠፍ ጽሑፍ ብቻ ካሳየ ገና ብዙ ይቀረዋል። መኪናው ይህን መንገድ ሲወጣና ሲወርድ ውስጡ ምን እንደሚሆን ማወቅ አለበት።

መካኒክ መሆን አይጠበቅበትም። ነገር ግን የመኪናውን ምልክት ማንበብ፣ ቀላሉን ሥራ በእጁ መሥራት፣ ከባዱን ለጋራዥ ሲሰጥ ደግሞ ምን እንዲሠራለት እንደሚፈልግ ለይቶ መናገር ይችላል። ለፍሬንና ለራዲያተር ሰፊ ቦታ የሰጠነው ይህ መንገድ ከሁሉ በላይ የሚፈትሻቸው እነሱን ስለሆነ ነው።

ደብተርና መሣሪያ

መጀመሪያ አንድ ደብተር ይግዙ። ቀን፣ የኪሎ ሜትር ንባብ፣ የተሠራው ሥራ፣ የተቀየረው ዕቃ ስምና ዋጋ ይጻፍበት። ነዳጅ ሲቀዱ ሁልጊዜ ሙሉ ያድርጉና ሊትሩንና ካለፈው ሙሌት ወዲህ የተጓዙትን ይመዝግቡ። 390 ኪሎ ሜትር ሄደው 26 ሊትር ከገባ፣ መኪናው በሊትር 15 ኪሎ ሜትር እየሄደ ነው ማለት ነው። ደሴ ሞልተው ኮምቦልቻ ላይ ከለኩ ግን ቁልቁለቱ ያሞኝዎታል፤ ሁልጊዜ በአንድ ከተማ፣ ቢቻል በአንድ ማደያ ይለኩ። በአንድ ሙሌት አይፍረዱ፤ ሦስት አራቱን አማካኝ ይያዙ። 15 የነበረው መንገድዎ ሳይቀየር ወደ 12 ከወረደ በዚህ ቅደም ተከተል ይፈትሹ፦ የጎማ አየር፣ ይዞ የቀረ ፍሬን፣ የአየር ፊልትሮ፣ ተከፍቶ የቀረ ቴርሞስታት (ሞተሩ ሲሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተር የሚለቀው)፣ ካንዴላ።

ከመሣሪያ የ8፣ የ10፣ የ12፣ የ14 እና የ17 ቁልፍ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የካንዴላ ቁልፍ፣ የጎማ አየር መለኪያ እና መልቲሜትር ለጅምሩ ይበቃሉ። ከክሪክ ሌላ መኪናውን የሚሸከም የብረት መቆሚያ የግድ ነው። በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ሥር በፍጹም አይግቡ።

ፍሬን

1,100 ኪሎ የሚመዝን ትንሽ መኪና 600 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 20 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ ከፊሉን ነፋስና የጎማ ፍትጊያ ይወስዱታል። የቀረው ወይ በሞተሩ ወይ በፍሬኑ በኩል መውጣት አለበት። ማርሹን ፎሌ አድርጎ (ከማርሽ አውጥቶ) የሚወርድ ሾፌር ሁሉንም ፍሬኑ ላይ ይጭነዋል።

ብዙ ሰው ፎሌ የሚያደርገው ነዳጅ ለመቆጠብ ነው። ኢንጄክሽን ባለው (ነዳጁ በኮምፒውተር ትእዛዝ በሚረጭበት) መኪና ስሌቱ ተቃራኒ ነው፦ ማርሽ ገብቶ እግርዎን ከነዳጅ ፔዳል ሲያነሱ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ጨርሶ ይዘጋል፤ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸው። ፎሌ ሲያደርጉት ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መርጨት ይጀምራል። ፍሬን ያቃጥላሉ፣ ነዳጅም ያባክናሉ።

አወራረዱ እንዲህ ነው። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ዳገቱን ቢወጡት በሚይዙት ማርሽ ይግቡ፤ ለትንሽ የቤት መኪና አብዛኛውን 3ኛ፣ ጠበብ ባሉት ኩርባዎች 2ኛ ነው። አውቶማቲክ ከሆነ ከዲ አውጥተው ወደ ኤል፣ ወደ 2 ወይም ወደ ቢ ይውሰዱት፤ እንደ መኪናው ዓይነት ይለያያል። እንዲያም ሆኖ ፍጥነቱ ከጨመረ ፍሬኑን ጠበቅ አድርገው ይያዙ፣ ፍጥነቱን ዝቅ ያድርጉ፣ ከዚያ ጨርሰው ይልቀቁት። እግርን ፔዳሉ ላይ አሳርፎ መውረድ ሸራው እንዳይቀዘቅዝ ያደርጋል። ወደ ባቲ የሚሄዱት ከባድ መኪናዎች ፍሬን ሞተራቸውን (መኪናውን በሞተሩ የሚይዘውን) ከፍተው በዝግታ ሲወርዱ ያያሉ፤ የሚሠሩት ይህንኑ ነው፤ ጥሩምባ አይንፉባቸው።

ፍሬን ሲግል በሁለት መንገድ ይከዳል፤ ምልክታቸው ስለሚለያይ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው፣ ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ፣ የሚያቃጥል ሽታ እየመጣ፣ መኪናው ግን በደንብ አለመያዙ ነው። ሸራው ከመጠን በላይ ግሏል። ማርሽ ይቀንሱ፣ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልገው ይቁሙና ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያቀዝቅዙት። ውሃ አይድፉበት፤ የጋለ ዲስክ ይጣመማል፣ ታንቡር ይሰነጠቃል። ሁለተኛው የባሰ ነው፦ ፔዳሉ ለስላሳ ሆኖ እስከ ወለሉ ይወርዳል። የፍሬን ዘይቱ ፈልቶ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ገብቷል። ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ ይምቱ፣ ማርሽ በየደረጃው ይቀንሱ፣ የእጅ ፍሬኑን ቁልፉን ተጭነው በልክ በልክ ይሳቡ።

ይህ ሁለተኛው የሚመጣው ካረጀ የፍሬን ዘይት ነው። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይችላል፤ ውሃ ሲስብ ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ዶት 4 አዲሱ 230፣ ውሃ የሳበው 155 ነው። ሁለቱም በተለመዱ የቤት መኪናዎች ላይ ይሠራሉ፤ ለሐረጎ ግን ዶት 4 ይምረጡ፤ በየሁለት ዓመቱም ይቀይሩት። ጋራዥ ውስጥ «ትንሽ እንጨምርበት» ሲሉ ከሰሙ እንዳይስማሙ። ዘይት የሚጎድለው ሸራ ሲያልቅ ወይም ሲያፈስ ነው፤ መጨመር ሁለቱንም ይደብቃል።

ለመቀየር አንድ ረዳት፣ አንድ ሊትር ያልተከፈተ ዘይት፣ ግልጽ የላስቲክ ቱቦ እና ባዶ ጠርሙስ ያስፈልጋል። ሥራው እንዲህ ይሄዳል፦

1. ከማጠራቀሚያው አሮጌውን ዘይት በሲሪንጅ ስበው ያውጡና በአዲስ ይሙሉት።
2. ከማስተር ሲሊንደሩ (ፔዳሉ ዘይቱን ከሚገፋበት) በጣም ከራቀው ጎማ ይጀምሩ። መሪው በግራ ለሆነ መኪና በአብዛኛው ቀኝ ኋላ፣ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ፊት ነው።
3. ቱቦውን የአየር ማውጫዋ ጡት ላይ ሰክተው ሌላውን ጫፍ ጠርሙሱ ውስጥ ባለ ዘይት ይንከሩት።
4. ረዳቱ ፔዳሉን በዝግታ ይጫንና ይያዝ። እርስዎ ጡቷን በ8 ወይም በ10 ቁልፍ ሩብ ዙር ይክፈቱ፤ ዘይቱ ሲወጣ ይዝጉ፤ ከተዘጋ በኋላ ብቻ ረዳቱ ይልቀቅ።
5. አረፋ የሌለው ንጹሕ ዘይት እስኪመጣ ይደጋግሙ። በየአምስት ጭነቱ ማጠራቀሚያውን ይሙሉ።

እዚህ ላይ የሚበላሸው በሁለት ምክንያት ነው። ረዳቱ ጡቷ ሳትዘጋ ፔዳሉን ከለቀቀ አየር ወደ ውስጥ ይሳባል። ማጠራቀሚያው ባዶ ከቀረ ደግሞ ሥራው ከዜሮ ይጀመራል። ዘይቱ ቀለም ይበላልና ጠብ ካለ ወዲያው በውሃ ይጠቡት።

የፍሬን ሸራ ውፍረት 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ይቀየራል። የውስጠኛው ከውጭኛው ቀድሞ ካለቀ የካሊፐሩ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው) ማንሸራተቻ ዘንጎች ደርቀዋል፤ አጽድተው ለፍሬን የተሠራ ቅባት ይቀቡ። ተራ ግራሶ የላስቲክ ማሸጊያውን ስለሚያሳብጠው ችግሩን ያባብሳል። አዲስ ሸራ አስገብቶ ከጋራዥ በቀጥታ ሐረጎን መውረድ ትልቅ ስህተት ነው፤ ሸራው ገና ከዲስኩ ጋር አልተዋወቀም። ቦሩ ሜዳ በኩል ሜዳውን ይውጡና ከ50 ወደ 10 ኪሎ ሜትር በሰዓት አሥር ጊዜ ያህል፣ ጨርሰው ሳይቆሙ፣ ፍጥነት ይቀንሱ። ከዚያ ጥቂት ደቂቃ ፍሬን ሳይነኩ ነድተው ያቀዝቅዙት።

አንድ ነገር እንጨምር። ፔዳሉን የሚያግዘው ሰርቮ የሚሠራው በአየር ግፊት ልዩነት ነው። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ እገዛውም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ያው መኪና ሚሌ ላይ ለስላሳ የነበረው ፔዳል ደሴ ላይ ጠንከር ቢል ብልሽት ላይሆን ይችላል። ሰርቮውን ለመፈተሽ ሞተሩን አጥፍተው ፔዳሉን አምስት ጊዜ ይምቱ፤ ሲጠነክር ተጭነው ይያዙና ሞተር ያስነሱ። ፔዳሉ ትንሽ ወደ ታች መውረድ አለበት። ካልወረደ ከሞተሩ የሚመጣውን የቫኩም ቱቦና አንድ አቅጣጫ ቫልቩን ይመልከቱ። ሞተር ጠፍቶ መውረድ ለምን ገዳይ እንደሆነም ከዚህ ይገባዎታል፦ ሰርቮው ለሁለት ሦስት ጭነት ብቻ የሚሆን አቅም ያስቀራል፣ ከዚያ የእግርዎ ጉልበት ብቻ ነው።

ራዲያተር

ውሃ ደሴ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። አብዛኛው ቴርሞስታት መከፈት የሚጀምረው ደግሞ በ82 እና በ88 ዲግሪ መካከል ነው። ክፍተቱ ይህችው ናት። ሞተሩን የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ 0.9 የተጻፈበት ክዳን ግፊቱን ይዞ መፍያውን ደሴ ላይ እንኳ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ክዳኑ ካልያዘ ዳገቱ መሐል ውሃው ፈልቶ ይወጣል፤ ሰው ራዲያተር ያስጠርጋል፣ የውሃ ፖምፓ ይቀይራል፣ ጥፋቱ ግን ክዳኑ ጋ ነው። ላስቲኩ ከደረቀ፣ ስፕሪንጉ ከላላ ወይም ማጠራቀሚያው ሞልቶ ሲቀዘቅዝ ውሃው ወደ ራዲያተሩ የማይመለስ ከሆነ፣ ተመሳሳይ ቁጥር ያለው ክዳን ይግዙ። ቁጥሩን አያሳድጉ፤ ያረጀ ቱቦ ያፈነዳል።

«ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው» የሚለው ምክር እዚህ ከተማ ውስጥ በጣም የተለመደ ነው። አይቀበሉት። በደሴ ብርድ ሞተሩ ሳይሞቅ ይውላል፣ ኮምፒውተሩ ነዳጅ ያበዛል፣ ዘይቱ ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል። በአንዳንድ ሞተር ላይ ደግሞ ውሃው ወደ ራዲያተር ሳይሄድ በአቋራጭ ይዞርና ጭራሽ ያግላል። ቴርሞስታቱን ከተጠራጠሩ ድስት ውስጥ በክር አንጠልጥለው ያፍሉትና መከፈቱን ይዩ። እዚህ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ብዙዎቹ ሙሉ በሙሉ የሚከፈቱት በ95 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን የደሴ ድስት እዚያ አይደርስም። መከፈት ከጀመረና ሲቀዘቅዝ ከተዘጋ ደህና ነው፤ በሙሉ አልተከፈተም ብለው አይጣሉት።

የቧንቧ ውሃ ብቻ መሙላት ዝገትና ጨው ያመጣል። ግማሽ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ ግማሽ የተጣራ ውሃ ይደባልቁ፤ ለትንሽ መኪና በጠቅላላው 5 ሊትር ያህል ይበቃል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አሮጌውን ከታች ያፍሱ፣ በንጹሕ ውሃ ይሙሉ፣ ሂተሩን እስከ መጨረሻው ከፍተው የላይኛው ቱቦ እስኪግል ያስነሱት፣ ሲቀዘቅዝ ያፍሱ። ንጹሕ እስኪወጣ ይድገሙ። አዲሱን ሲሞሉ ክዳኑን ከፍተው አረፋው እስኪያልቅ ይጠብቁ፤ በማግሥቱ ጠዋት መጠኑን እንደገና ይዩ። ያፈሰሱትን ፈሳሽ ግቢ ውስጥ አይተዉት፤ ስለሚጣፍጥ ውሻና ድመት ይልሱታል፣ ይገድላቸዋል።

ወደ ደሴ ሲወጡ የሙቀት መለኪያው ከለመደበት ከፍ ካለ፣ ኤርኮንዲሽነሩን አጥፍተው ሂተሩን በሙሉ ይክፈቱ፣ መስታወቱን ያውርዱ፣ በዝቅተኛ ማርሽ ሳይጫኑ ይሂዱ። መውጣቱን ከቀጠለ ይቁሙ። ክዳኑን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አይንኩ። ቀዝቃዛ ሞተር ተነስቶ ወዲያው የላይኛው ቱቦ ከጠነከረ፣ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ከተንተከተከ ወይም የዘይት ክዳኑ ሥር ወተት የመሰለ ነገር ካለ፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ተበልቶ ሊሆን ይችላል፤ ውሃ እየጨመሩ መንዳት ቴስታታውን ያጣምመዋል።

ቀጭን አየር

ቱርቦ የሌለው ሞተር ደሴ ላይ ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል፤ 85 የፈረስ ጉልበት ያለው 65 ገደማ ይቀረዋል። መኪናው «ከበደኝ» ብለው ከመክሰስዎ በፊት ይህን ያስቡ። ኢንጄክሽን ያለው ነዳጁን ራሱ ያስተካክላል። ካርቡሬተር ያለው፣ ለምሳሌ 4ኬ ሞተር የተገጠመለት የድሮው ኮሮላ ዲኤክስ፣ አየሩ ሲሳሳ ነዳጅ ይበዛበታል። ካንዴላውን አውጥተው ይዩት፦ ቡና ዓይነት ቀለም ጥሩ ነው፤ ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ነዳጅ በዝቷል፤ ዘይት የነካው እርጥብ ጥቁር ከሆነ የፒስተን ቀለበት ወይም የቫልቭ ጎማ አልቋል፤ ነጭ ከሆነ ነዳጅ አንሷል ወይም ሞተሩ ይግላል። በ4ኬ ላይ የካንዴላ ክፍተቱ 0.8 ሚሊ ሜትር፣ የቫልቩ ክፍተት ሞተሩ ሞቆ ሳለ ማስገቢያው 0.20፣ ማውጫው 0.30 ነው።

ኢግኒሽኑን (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ) ደሴ ላይ በጆሮ ብቻ አድቫንስ (ቀደም) አስደርገው ወደ ባቲና ሚሌ የሚወርዱ ይጠንቀቁ። ታች አየሩ ሲወፍር ያው ሞተር ማንኳኳት ይጀምራል፤ ማንኳኳቱ ፒስተን ይበሳል። ታይሚንግ መብራት ያለው ጋራዥ ይፈልጉ። ቱርቦ ናፍጣ ያላችሁ ደግሞ ዳገቱን ጨርሳችሁ እንደቆማችሁ ሞተሩን አታጥፉ፤ አንድ ሁለት ደቂቃ ይሥራና ቱርቦው ይቀዝቅዝ።

ጎማና መብራት

የአየሩ ልክ የሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ተለጥፏል፤ ጠዋት ሳይነዱ ይለኩ። ጎሚስታው «በዓይን ይበቃል» ቢልዎትም በራስዎ መለኪያ ያረጋግጡ። የተመረተበት ጊዜ ጎኑ ላይ በአራት አሃዝ ተጽፏል፤ 2319 ማለት በ2019 ዓመት 23ኛው ሳምንት ነው፣ በፈረንጆች አቆጣጠር። በእኛ ዓመት ከቆጠሩት ጎማውን ከዕድሜው በሰባት ስምንት ዓመት ወጣት ያደርጉታል። ጥርሱ 1.6 ሚሊ ሜትር ሳይደርስ፣ በክረምት ደግሞ 3 ላይ ሳለ ይቀይሩ።

በጉም ቀን ረጅም መብራት አያብሩ፤ ጉሙ ብርሃኑን መልሶ ዓይንዎ ላይ ይረጨዋል። ለሃሎጅን በተሠራ ፋና ውስጥ ኤልኢዲ አምፖል መክተትም ከፊት የሚመጣውን ሾፌር በኩርባው ላይ ያሳውረዋል። ትልቅ ቸርኬ፣ ዝቅ የተደረገ ስፕሪንግ፣ የተቆረጠ ማርሚታ፣ እነዚህ ሁሉ የጣዕም ጉዳይ ይመስላሉ፤ ትልቅ ቸርኬ ግን ይከብዳል፣ የከበደ ጎማ ለማቆምም ያስቸግራል። ገንዘቡን ለጥሩ ጎማና ለጥሩ ሸራ ያውሉት።

ጋራዥ ሲሄዱ

ምልክቱን ይናገሩ፣ ዕቃውን አይዘዙ። «ፖምፓ ቀይርልኝ» ካሉ ይቀየራል፣ ችግሩም ይቆያል። «ሐረጎን ስወጣ ግማሽ ላይ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ሜዳ ላይ ደህና ነው» ካሉ መካኒኩ መነሻ አለው። ዕቃ ሲገዙ ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ይዘው ይሂዱ፤ የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ ይቀበሉ፣ ያዩትን ደብተርዎ ላይ ይጻፉ። የዘይት ማፍሰሻው ቡሎን ሮንዴላ በየጊዜው አዲስ ይሁን፤ ፊልትሮው ጎማው ከነካ በኋላ በእጅ ሦስት አራተኛ ዙር ይበቃዋል፣ በቁልፍ ካጠበቁት ሲፈታ ይቀደዳል።

የኤሌክትሪክ መኪና

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና እዚህም እየበዛ ነው። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ተቀይሮ ባትሪውን ይሞላል፣ መኪናውንም ይይዛል። ባትሪው ቀድሞ ሙሉ ከሆነ ግን የሚቀበለው ቦታ ስለሌለው መያዙ ይቀንሳል፤ ሸክሙም ወደ ፍሬኑ ይዞራል። ስለዚህ ደሴ አድሮ ጠዋት ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው ቻርጁን 90 በመቶ ላይ ያቁም። ዲስኮቹ ብዙ ስለማይሠሩ በክረምት ቶሎ ይዝጋሉ፤ በሳምንት አንዴ ሜዳ ላይ፣ ከኋላ መኪና አለመኖሩን አይተው፣ ፍሬኑን ጠበቅ አድርገው ጥቂት ጊዜ ይያዙ። የፍሬን ዘይቱ በዚህም መኪና ላይ በየሁለት ዓመቱ ይቀየራል።